ብርቄን ማጫወት

ብርቄ ማረፏን ያረዳችኝ የእህቷ ልጅ ናት፤ ከአዳማ ደውላ። "እማማ ጥሩነሽ፣ አክስቴ ትናንት አረፈች" አለችኝና ለቅሶዬን ጠበቀች። ከእኔ ለቅሶ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። ጥቂት ቆይታ፣ "ይቅርታ፣ እየሳቁ ነው እንዴ?" ስትል ጠየቀችኝ። መስመሩ ነው አልኳት። መስመሩ አልነበረም።

ብርቄ ስትነሳ ቀድሞ የሚመጣው ሳቅ ነው። ሐዘኑ ከኋላ፣ እያነከሰ ይደርሳል። አብዝታ ያሳቀችን ደግሞ ባሏ በሞተባት ሰሞን ነው። ይህን ስናገር የማያውቋት ሰዎች ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ዘመኑ ደርግ ነው። አዳማን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ ሰፈር ብርቄና እኔ አንድ የጭቃ ግድግዳ እንጋራ ነበር። በእሷ ወገን ሰው ሲያነጥስ እኔ ከዚህ ወገን "ይማርህ" እላለሁ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ስለ እኔ ይኸው ይበቃል። ብርቄ በዕድሜ ትበልጠኛለች። መጀመሪያ የገባሁ ቀን "እትዬ ብርቄ" ብላት፣ "እትዬሽ እናትሽ ቤት ትቅር፤ እኔን ብርቄ በይኝ" ብላ ስለተቆጣች ስሟን ብቻ ስጠራ ኖርኩ። አጭር ናት፤ ስትናገር እጇ ዝም አይልም፤ ስትስቅ ደግሞ አጠገቧ ያለውን ሰው ጭን ትመታለች። ከእሷ ጋር ለቅሶ ቤት መቀመጥ አደገኛ ነው።

ባሏ ታደሰ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሁላችንም ታዴ ነበር የምንለው። ልጅ አልነበራቸውም። አንድ ጊዜ ከአሰብ ሲመለስ፣ ከመርከበኛ ያገኘሁት ነው ብሎ አንዲት ጥቁር ሳጥን ይዞ መጣ። ሁለት ማዞሪያ በረጅም ሽቦ ይወጣላታል። ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያገናኟት መስተዋቱ ይጠቁርና በግራና በቀኝ ነጭ ዱላ የመሰለ ጭረት ይቆማል። በመካከል አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ ትመላለሳለች። ማዞሪያውን ስታዞሪ ዱላሽ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ ኳሷን ሲያገኛት "ጢጥ" ይላል። አለቀ። የልጅ ልጆቼ ይህን ስነግራቸው "ከዚያስ?" ይላሉ። ከዚያማ ምንም የለም። ትሄዳለች፤ ትመጣለች። ብርቄ ከድምጿ ተነስታ "ጢጢ" ብላ ስም አወጣችላት።

ቴሌቪዥኑ በሰፈራችን ብቸኛው ሲሆን፣ በር ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ በቁልፍ ይቀመጣል። ታዴ ቤት ባደረ ሰሞን፣ የማታው ፕሮግራም ሳይጀምር ባልና ሚስቱ ጢጢን ይከፍታሉ። እኔ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ከዚያ የብርቄ ጩኸት፤ "አንተ ሌባ!" ታዴ መሸነፍ አይወድም ነበር። ኳሷ ወደ እሷ ስትሄድ ክርኗን ይገፋታል፤ ከዚያም እኔ አይደለሁም ይላል።

በአንድ መስከረም ታዴ ከበረሃው መንገድ ወባ ይዞት ተመለሰ። ተኛ፤ አልተነሳም።

ብርቄ አላለቀሰችም። ቀብሩም ላይ፣ ድንኳኑም ውስጥ አላለቀሰችም። ሴቶቹ ዙሪያዋን ከበው "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ሲሏት፣ ዘግይቶ የቀረ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው አንገቷን ወደ መንገዱ አስግጋ "አልመጣ አለኝ እኮ፣ ምን ላድርግ?" አለቻቸው። የታዴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ከሰላሌ መጥተው ነበር። እሳቸው በአገራቸው የታወቁ ሙሾ አውራጅ ናቸው። በወንድማቸው ላይ ያወረዱት ሙሾ የጋሪ ነጂዎችን ሳይቀር አስለቅሷል። ሙሾውን ሲጨርሱ ወደ ብርቄ ዞር ብለው ደረቁን ዓይኗን አዩ። ያዩትን ይዘው ሄዱ።

በሰልስቱ ቀን የብርቄ የንስሐ አባት ጸሎት አድርሰው ሲነሱ እንዲህ አሉን፤ "ልጆቼ፣ ሐዘንተኛዋን ብቻዋን አትተዋት። አጫውቷት።"

የአገራችን ሰው ይህን ሲሰማ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ አጠገቧ ተቀመጡ፣ አውሯት፣ ወዲያ ወዲህ በሉላት። ብርቄ ግን ቀና አለች።

"አባ፣ ምን አሉ?"

"አጫውቷት አልኩ፣ ልጄ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችና ወደ እኛ ዞራ "ሰምታችኋል አይደል?" አለች።

ሰምተናል አልን። ምን እንደሰማን ያወቅነው በኋላ ነው።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እራት ቢጤ ይዤላት ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። በሐዘን ቤት ቴሌቪዥን! እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

"ግቢና ዝጊው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ።"

"የታዴ ወንበር አይደለም?"

"ነው። አሁን አንቺ ጥሩዬ አይደለሽም። ታዴ ነሽ።"

"ታዴ እንዴት ነው የምሆነው?"

"ከባድ አይደለም። ኳሷን ሳቺና ሰበብ ፈልጊ።"

ተቀመጥኩ። ብርቄ እጇን ታጠበች፤ በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ መስተዋቱን ጠረገች፤ አማተበች፤ ከዚያ ማዞሪያዋን አነሳች። ይህን ቅደም ተከተል በኋላም አንድ ቀን አዛብታ አላየሁም። ኳሷ መጣች፤ ሳትኩ። ድጋሚ መጣች፤ ሳትኩ። ሦስተኛዋን እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ መለስኳት፤ ብርቄ ሳትጠብቅ ስለነበር አለፈቻት።

"አንተ ሌባ!" ብላ ጭኔን መታችኝ።

በሕይወቴ "አንተ" ተብዬ የማውቀው ያኔ ነው። ቅር አላለኝም። ቤቴ ገብቼ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ሰፊ ትከሻ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

ከእኔ ቀጥሎ ታዴ የሆነችው አዴ ጫልቱ ናት፤ የባቡር ሠራተኛ ሚስት፣ ፊት ለፊታችን የምትኖር ግዙፍ ሴት። አዴ ጫልቱ ኳሷን እንደ ጥጃ ነው የምትጠራት። ወደ እሷ ስትመጣ "ኮቱ! ኮቱ!" ትላለች፤ ከመታቻት በኋላ "ደሚ! ሂጂ!" ብላ ታባርራታለች።

"ታዴ፣ ኦሮምኛ መቼ ነው የቻልከው?" ትላታለች ብርቄ።

"መተሐራ ላይ ጎማ ሲፈነዳብኝ ነው የተማርኩት" ትላለች አዴ ጫልቱ፣ በቀጭን ድምጿ። ሦስታችንም ከወንበር እንወድቃለን።

በዚያ ዘመን ደግሞ ሰው ቤት ውስጥ ጢጥ ጢጥ የሚል ነገር መኖሩ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አንድ ሰው ብርቄ ቴሌግራም ታስተላልፋለች ብሎ ለቀበሌ ጠቆመ። የቀበሌው ጥበቃ፣ ጠመንጃውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ፣ በሩን ደበደበ።

"ጢጥ የሚል መሣሪያ አለ ተብሏል።"

"አለ" አለች ብርቄ። "ግባና ታዴ ሁን።"

"ማን ልሁን?"

"ጠመንጃህን መጀመሪያ አስቀምጥ። ታዴ ጠመንጃ አልነበረውም።"

ጠመንጃው ግድግዳ ተደገፈ፤ ጥበቃው ተሸነፈ። በማግስቱ "ለቁጥጥር ነው" ብሎ ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለውም ቀን ቁጥጥሩ አልተጠናቀቀም።

የንስሐ አባቷ ወሬው ሲደርሳቸው ሊገሥጹ መጡ። እኔም አዴ ጫልቱም ነበርን። በሩ ላይ ቆመው ጥቁር የለበሰችውን ሴት፣ የሚያበራውን መስተዋት፣ እኛንም አዩ።

"ብርቄ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"እርስዎ ያዘዙት ነው፣ አባ።"

"እኔ? መቼ?"

"በሰልስቱ። 'አጫውቷት' ብለው አላዘዙም? እነዚህ ምስክሮቼ ናቸው። አዴ ጫልቱ፣ አላሉም?"

"ብለዋል" አለች አዴ ጫልቱ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ማለቴ በቃል ነበር እኮ፣ ልጄ" አሉ በመጨረሻ።

"ቃሉን ለይተው አልነገሩንም። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ካርታ ሲጫወቱ ሐዘንተኛ እያጫወቱ ነው ተባሉ፤ እኔ ሐዘንተኛዋ ስጫወት ነውር ሆነ? ይቀመጡ፣ አባ። እግርዎም ይረፍ።"

ያለው ባዶ ወንበር አንድ ብቻ ነው። ተቀመጡ። ማዞሪያውን በሁለት ጣታቸው፣ ትኩስ ነገር እንደሚነካ ሰው ያዙት። ኳሷ ሄደች፤ መጣች፤ ሄደች። አባ ቀስ በቀስ ወደ ፊት አዘነበሉ። መስቀላቸውን ለእኔ አስያዙኝ። አንዲቷን ከታች ጥግ አግኝተው ሲመልሷት ብርቄ ሳተች፤ ሳታስበው ጮኸች፤

"አንተ ሌባ!"

አዴ ጫልቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። አባ ዓይናቸውን ከመስተዋቱ ሳይነቅሉ፣

"እኔን ነው ወይስ ታደሰን?" አሉ።

"ታደሰን ነው፣ አባ! ይፍቱኝ!"

"እንግዲያው ቀጥይ" አሉ።

ብርቄ እንዴት ነሽ ሲሏት "እንደ ኳሷ፤ ወዲያ ሲመቱኝ ወዲህ" ትል ነበር፤ አባባሉ ሰፈር ውስጥ ተዛምቶ ወፍጮ ቤት ሳይቀር ሲባል ሰምቻለሁ። ትስቃለች፤ ትበላለች፤ ማታ ትተኛለች። ብቻ አላለቀሰችም። አንድ ቀን ብቻችንን ሳለን "ጥሩዬ፣ ምናልባት አልወደው ኖሮ ይሆን?" አለችኝ። ማዞሪያውን አነሳሁና ታዴ ሆንኩላት።

በአርባው እትዬ ዘነበች ከሰላሌ ተመለሱ። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። ተዝካሩ ተበልቶ እንግዳው እስኪሄድ ታገሱ። እኛ ጎረቤቶች ዕቃ ስናነሳ፣ ብርቄን መሀል ቤት አቁመው፣

"ወንድሜን ቀብረሽ ቴሌቪዥን ከፈትሽ አሉ" አሏት።

"ከፍቻለሁ፣ እትዬ።"

"አላለቀስሽለትም።"

"አልመጣ አለኝ።"

"ከቄስ ጋር ትጫወቻለሽ አሉ።"

"አባ ፈቅደውልኛል።"

"የናዝሬት ቄስ ለናዝሬት ነው" አሉ እትዬ ዘነበች። የእንጨቱን ሣጥን በር ዘጉ፤ ቆለፉ፤ ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት። "ይህን የምታገኚው ወንድሜን ስታለቅሺለት ነው። እስከዚያ ከዚህ ቤት አልሄድም።"

ጋቢያቸውን አነጠፉና እሣጥኑ ሥር ተኙ።

ብርቄ እጅ አልሰጠችም። በማግስቱ በግድግዳው በኩል አንሾካሾከችልኝ፤ "ጥሩዬ፣ ወደ ዓለም ጤና ከተማ የሚሄድ ሰው ታውቂያለሽ?"

"ምን ፈልገሽ?"

"ሽንኩርት።"

"ገበያው ሞልቶ የለም?"

"የገበያው ጠውልጓል። ዓይን የሚያቃጥል፣ ከማሳ የወጣ ነው የምፈልገው።"

አንድ ጆንያ መጣ። ብርቄ ጓሮ ተቀምጣ አንድ ሳፋ ሙሉ ከተፈች። እንባዋ እንደ ቦይ ሲወርድ "መጣ! መጣ!" እያለች እየተደናቀፈች ወደ ቤት ሮጠችና እትዬ ዘነበች እግር ሥር ተንበረከከች። "ታደሰዬ! ወየው ታደሰዬ!" እትዬ ዘነበች ዝቅ ብለው አሸተቷት።

"ወጥ ልትሠሪ ነው?"

"እያለቀስኩ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ዓይንሽ ያለቅሳል፤ እጅሽ ምሳ ይጣራል። ይህ የሽንኩርቱ ለቅሶ ነው፤ የወንድሜ አይደለም።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ በሳቅ ይሁን በሌላ አላወቅኩም። ያን ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ሽንኩርት በላ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሳቅ መሆኑ ቀረ። አመሻሹ ላይ ብርቄ እጇን ትታጠባለች፤ በተቆለፈው ሣጥን ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ የምትጠርገው መስተዋት የላትም፤ ነጠላዋን ይዛ ትቀራለች። መብላት አቆመች። መልስ መስጠትም አቆመች። አዴ ጫልቱ ወተት ይዛ መጥታ "ታዴ ነኝ፣ ክፈቺ" ብላ ብታሾፍባት፣ እንዳልሰማ ሰው አየቻት። ከእሷ ወገን ድምፅ ጠፋ። ግድግዳው ግድግዳ ሆነ። አክስቴ ከባሏ በኋላ እንዲህ ሆና ነው የሞተችው፤ ስለዚህ ፈራሁ።

የሰው ቤት ጉዳይ ውስጥ መግባት አልወድም። ግን ገባሁ። እትዬ ዘነበች ግቢው ውስጥ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

"እትዬ ዘነበች፣ አንድ ነገር ልንገርዎ።"

"አፍ አለሽ እንዴ?"

"አንዳንድ ቀን።"

"እስቲ በይ።"

"እሷ የምትጫወተው ከቴሌቪዥኑ ጋር አይደለም። ከወንድምዎ ጋር ነው። እሱ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ታዴ ይባላል።"

"ሁሉ?"

"ሁሉ። እኔ ሆኜአለሁ። አዴ ጫልቱ ሆናለች። የቀበሌው ጥበቃ ሆኗል። አባም ሆነዋል።"

"ምን ትለዋለች?"

"ትሰድበዋለች።"

"ምን ብላ?"

"ሌባ ብላ።"

እንዝርቱ ቆመ። "እውነቷን ነው" አሉ። "ልጆች ሳለን ገበጣ ስንጫወት ጠጠሬን ይሰርቀኝ ነበር። እጁን ስይዘው ይክዳል።" ከዚያ ፊታቸው እየጠቆረ መጣ፤ አጠፋሁ ብዬ ልነሳ ስል፣ "ቆይ እስቲ" አሉኝ፤ "የቀበሌ ጥበቃ ታደሰን ሲሆን፣ አንድ ጡት የጠባሁት እህቱ እሱን ሳልሆን አርባ ቀን አለፈ ማለት ነው? ማንም አልጠራኝም?"

"አልጠራንዎትም" አልኩ።

"ጉድ ነው!" ብለው እንዝርቱን ጥለው ተነሱ።

ከሣጥኑ ፊት ቆመው ቁልፉን ከማተባቸው ለመፍታት ቢሞክሩ ቋጠሮው እምቢ ስላላቸው እኔ ፈታሁላቸው። ብርቄ ቀና ብላ አየቻቸው እንጂ አልተነሳችም። እሳቸው ሣጥኑን ከፍተው የታዴ ወንበር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

"የቱን ነው የማዞረው?"

"ግራውን" አለች ብርቄ። ከቀናት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ተነስታ እጇን ታጠበች፤ መስተዋቱን ጠረገች፤ አማተበች።

እትዬ ዘነበች መጀመሪያ የመጣውን ሁሉ አሳለፉ። ዱላዋ ሰነፍ ናት አሉ፤ ቀጥሎ ኳሷ ዓይን አፋር ናት አሉ። ከዚያ ያዙት። ፈትል የለመደ ጣት ማዞሪያ አይከብደውም። ጢጥ አለ፤ ደገመ፤ ሰለሰ። ብርቄ ወደ ፊት አዘነበለች፤ ጉንጯ ቀላ። ኳሷ ወደ እሷ ጥግ ስትበር፣ እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ ክርኗን ገፉ።

"አንተ ሌባ!" ጮኸች ብርቄ።

"ማን አየኝ?" አሉ እትዬ ዘነበች።

ከእኛ መካከል መልስ የሰጣት ብዙ ሰው ነበር፤ ሁላችንም በየራሳችን አፍ ነበር እንጂ። ይህኛው ግን ጎርነን ያለ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚስቅ፣ የታዴ ድምፅ ነው። እሳቸው ራሳቸው አላወቁትም።

ብርቄ ማዞሪያውን ጭኗ ላይ አኖረች። ወደ ወንበሩ ዞረች፤ አየችው። ከዚያ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእንዲያ ያለች አጭር ሴት ይወጣል አልልም ነበር። ደረቷን እየመታች፣ ስሙን እየጠራች፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ሙሾ አልቅሳ አልቅሳ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ።

ሰፈሩ ሰማ። አዴ ጫልቱ ሊጥ በነካ እጇ እየሮጠች ገባች፤ ከኋላዋ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከእነሱ ኋላ የቀበሌው ጥበቃ ባዶ እጁን። በሩ ሞላ።

"ኤኙቱ ዱኤ?" አለች አዴ ጫልቱ፣ ትንፋሿ ቆራርጧት። "ማን ሞተ? ኧረ ማን ነው የሞተው?"

የእትዬ ዘነበች እንባ አገጫቸው ላይ ደርሷል። እጃቸው ግን ከማዞሪያው፣ ዓይናቸውም ከመስተዋቱ አልተላቀቀም።

"ወንድሜ ታደሰ ነው የሞተው" አሉ። "ግቡና ተቀመጡ። ኳሷን አትከልሉብኝ።"